መቀሱ በየትኛው እጅህ ነበር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል አባዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ እማዬ እንዳዘዘችህ በየመሀሉ አረፍ ማለት ጀምረሃል? እማዬስ ደህና ናት? ያ ደረቅ ሳል ለቀቃት? ሽቅርቅሯ እህቴ ፈተናዋን ጨረሰች? የትልቋ አክስቴ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ጎረቤትህ ጫማ ሰፊውስ ደህና ናቸው? አሁንም ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው በርህ ላይ ቆመው አንተንም ሥራ ያስፈቱሃል? እኔ እናንተን ከዓይኔ ከማጣቴ ሌላ የጎደለብኝ ነገር የለም፣ ፈጣሪ ይመስገን። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ትንሽም ወፈር ብያለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ለእማዬ ደጋግመህ ንገርልኝ፤ እኔ በስልክ ስነግራት አታምነኝም።

የምጽፍልህ በስልክ ሊነገር ያልቻለውን ነው። አንተ ስልክ የምታነሳው ወንበርህ ላይ ሰው ተቀምጦ ነው። «ደህና ነሽ? በርቺ እንግዲህ፣ ሰው ይዣለሁ» ትለኛለህ። እኔም «ደህና ነኝ፣ አንተም በርታ» እልሃለሁ፤ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ይዘጋል። አራት ዓመት ሙሉ የተነጋገርነው ይህችኑ ነው። አልተቀየምኩህም፤ አመልህን አውቀዋለሁ። ግን ዛሬ እረፍቴ ነው፣ ወረቀትም አለኝ፣ አንተም ይህን ስታነብ ሰው አትያዝ። ፀጉር ቤቱን ዝጋና አንብበው።

ከቤት የወጣሁ ዕለት ጠዋት ያልከኝን አልረሳሁም። «ሁለት ጊዜ ሞክሪ። ካልሆነም አትሸማቀቂ፣ ቦታሽ እዚህ አለ» አልከኝ። ቦታሽ ያልከው ከወንበርህ ኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመው አግዳሚ፣ የእሱም የግራ ጥግ ነው። ኮሌጁ ለትወና ክፍል ተማሪ የሚቀበለው በሁለት ዓመት አንዴ ስለሆነ የመጀመሪያውን የዛሬ ሁለት ዓመት ወደቅኩ፤ ያኔ ነግሬሃለሁ። ምን ብለው እንደጣሉኝ ግን አልነገርኩህም፤ አፍሬ ነው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ አንዲት ፈታኝ አሉ። የተሰጠኝን ቃለ ተውኔት አንድ ቃል ሳላስቀር ተወጣሁት። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁና «ቃሉን ይዘሽ መጥተሻል፤ እጅሽን ግን ቤት ትተሽው ነው የመጣሽው» አሉኝ። በቃ፣ ይህችን ብለው ሸኙኝ። ያን ሰሞን በምሠራበት ሆቴል አንሶላ ስተኩስ እጄን እያየሁ እናደድ ነበር።

ዘንድሮ ሁለተኛውና የመጨረሻው ሙከራዬ ነበር። ከዚህ በኋላ አንተ ብትፈቅድልኝም ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ያጠኑትን ቃለ ተውኔት መወጣት ነው፤ ሁለተኛው ከበሮ መቺው በሚሰጠው ምት መንቀሳቀስ ነው። ሦስተኛውን በማመልከቻው ወረቀት ላይ ሳነብ ልቤ ዘለለ። «የሚያውቁትን አንድ ሰው በሥራው ላይ እንዳለ ያለ ቃልና ያለ ዕቃ ያሳዩ፤ ባዶ ወንበር ብቻ ይፈቀዳል» ይላል። ወንበር የምትለዋን ቃል ሳይ አንተ ነህ የመጣህብኝ። ሌላ ሰው አላሰብኩም።

ለምን መሰለህ? ትወናን የጀመርኩት ካንተ ዘንድ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ጥግ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ወደ መቀሱ እንዳልጠጋ ስለከለከልከኝ ካንተ ጀርባ ነው ያደግኩት። ቤት ውስጥማ መቼ እንገናኛለን? ጠዋት ሳልነቃ ትወጣለህ፣ ማታ ደክሞህ ገብተህ እራትህ ላይ ታንቀላፋለህ። የኔና ያንተ ወሬ ያለው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነበር፤ እሱም በመስታወቱ በኩል። አንተ ዞር አትልም። ቀና ብለህ መስታወቱ ውስጥ ታየኛለህ። ቅንድብህን ካነሳህ ውሃ አምጪልኝ ነው። አገጭህን ካወዛወዝክ ለሰውዬው ሰላም በይ ነው። ደንበኛው ሂሳቡን ሰጥቶ በሩን ሲዘጋ ደግሞ እኔ እነሳና አካሄዱን፣ አነጋገሩን፣ ፀጉሩን ሲነካ እንዴት እንደሚቅለሰለስ አሳይሃለሁ፤ አንተ ፎጣውን አፍህ ላይ አድርገህ ትስቃለህ። በቀቀኗ ብለህ ስም ያወጣህልኝ ያኔ ነው። ያ ራሰ በራ በየሳምንቱ የሚመጣው ትዝ ይልሃል? «አባዬ፣ ፀጉር የለው፣ ምኑን ነው የምትቆርጥለት?» ስልህ «ወሬውን» አልከኝ። እሱን እዚህ ላሉት ሁሉ አውርቼላቸዋለሁ፤ ሆቴሉ ውስጥ ታዋቂ ነህ።

ስለዚህ ተዘጋጀሁ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ትወና የሚያለማምዱን ሰውዬ አሉ። የጠረጴዛ ቴኒሱን ገበታ ወደ ግድግዳ እንገፋና ወለሉ ላይ እንሠራለን። እኚህ አሠልጣኝ ከሁሉ በፊት ያስተማሩን አንድ ነገር ቢኖር ሰው ስትቀዱ ገልብጣችሁ ውሰዱ የሚል ነው። ፊት ለፊትህ የቆመ ሰው ቀኝ እጁ በአንተ ግራ በኩል ነው፤ በግራህ ያየኸውን በቀኝህ፣ በቀኝህ ያየኸውን በግራህ ሥራ ይላሉ። ይህ ለኔ አላስቸገረኝም። እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ፊት ለፊት ቆሜ የሆቴል አንሶላ የማጥፍ ሰው ነኝ፤ የእሷ ቀኝ የኔ ግራ መሆኑ ደሜ ውስጥ ገብቷል። እናም አንተን ዓይኔን ጨፍኜ እያየሁ እየገለበጥኩ ወሰድኩ። መቀስህን፣ ትከሻህ ላይ የምትጥለውን ፎጣ፣ ሰው ሲገባ አንገትህን ወደ በሩ የምትመልስበትን ሁሉ። ቆርጠህ ስትጨርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለህ አየሩን ሁለቴ የምትቆርጣትንም አልተውኩም። ሦስት ወር ሠራሁበት። አሠልጣኜ ጎበዝ አሉኝ። እኔም ኮራሁ።

ሆቴሉ ውስጥ ሸሚዝ የሚተኩሱ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ከአንገትጌ ሌላ የሚያዩት ነገር ስለሌለ ኮሌታ እንላቸዋለን። ምሳ በልተን ስናርፍ አንድ ቀን ላሳይዎት ብዬ በልብስ ቅርጫቶቹ መሀል ወንበር አስቀምጬ ሠራሁላቸው። አዩኝ፣ አዩኝና «አባትሽ ግራኝ ናቸው እንዴ?» አሉኝ። እጄን አየሁት፤ መቀሱን የያዝኩት በግራዬ ነበር። «እኔ ግራኝ ነኝ» አሉኝ። «ዕድሜ ልኬን መቀስ አልታዘዝ እንዳለኝ ነው። ግራኝ ፀጉር ቆራጭ ደግሞ እስከዛሬ አላየሁም፤ ካሉ እንኳን ደስ ያላቸው።» ሊያሾፉብኝ አስበው አልነበረም፤ ሰውዬው ከልባቸው ተገርመው ነው።

ሰበብ ፈጥሬ ወደ መኝታ ክፍሌ ሮጥኩ። ያንተ ፎቶ ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሽቅርቅሯ ከአግዳሚው ላይ ሆና ያነሳችውና ግማሹን በአውራ ጣቷ የሸፈነችው። በየቀኑ የማየውን ፎቶ ያን ቀን ገና አየሁት። እዚያ ውስጥ ሁለት አባት አለኝ። አንዱ ጀርባውን የሰጠኝ ነው፣ መቀሱም በቀኝ እጁ። ሌላው መስታወቱ ውስጥ ወደ እኔ የሚያየው ነው፣ እሱ ነው ያሳደገኝ። መስታወት ውስጥ ያለ ሰው ቀኙ በቀኜ በኩል ነው፤ መገልበጥ አያስፈልገውም ነበር። እኔ ግን ፊት ለፊቴ እንደቆመ ሰው ቆጥሬህ ገለበጥኩህ። በሩን በማይከፈትበት በኩል አደረግኩት፣ ፎጣህን ወደማትጥልበት ትከሻ አዞርኩት።

ስህተቱስ ይታረማል አባዬ፤ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ፊት ለፊት ያየሁህን አንድ ቀን ልፈልግ ብዬ አጣሁ። ስበላ አጠገቤ ነህ፣ ስንሄድ ከፊቴ ነህ፣ ፀጉር ቤት ጀርባህ ነው። ፊትህን ሳስብ የሚመጣልኝ መስታወቱ ያቀበለኝ ፊት ብቻ ነው። ፀጉርህን በየትኛው በኩል እንደምትከፍለው እንኳን እርግጠኛ አልነበርኩም። ሰው አባቱን እንዴት እንዲህ ያጣዋል? ናፍቆት እስከዚያን ቀን ድረስ ርቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ መቀሱን ወደ ቀኜ አዛወርኩ። እጄ ተንቀሳቀሰ፣ አንተ ግን የለህም። ለፈተናው የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። ግራ እጄ ደግሞ ሥራ አጥቶ ተንጠለጠለ። ግራ እጅህ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር፤ መስታወት ውስጥ ዓይኔ ሁልጊዜ መቀሱ ላይ ነዋ። ለዚህ ነው ያን ዕለት በሥራ ሰዓት ደውዬ «አባዬ፣ ስትቆርጥ ግራ እጅህ ምን ይሠራል?» ያልኩህ። «የምን ግራ እጅ? ሰው ይዣለሁ» ብለህ ዘጋኸው። እማዬ ኋላ ደውላ ልጅቷ አሟታል ወይ ብለህ እንደጠየቅካት ነገረችኝ። አላመመኝም።

ትዝታው የመጣልኝ በማላስበው መንገድ ነው። ከማድረቂያው የወጣ ትኩስ አንሶላ ታቅፌ ግንባሬን ደገፍ አደረግኩበት። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ። ያ ትኩሳት ከለቀቀኝ በኋላ ፀጉሬ እየረገፈ ሐኪሙ ይላጭ ያሉ ጊዜ አንተ ወንበርህ ላይ ሳንቃ አጋድመህ ወደ ላይ አወጣኸኝ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ያኔ ብቻ ነው። ፀጉሬ ጉልበቴ ላይ ሲወድቅ ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ። እናም እጅህን ያወቅኩት በዓይኔ ሳይሆን በራስ ቅሌ ነው። መዳፍህ መጀመሪያ ግንባሬ ላይ አረፈ። ከዚያ ሁለት ጣትህ ከጆሮዬ ኋላ ተቀመጠ፣ ከዚያ ማጅራቴ ላይ። መቀሱ የሚመጣበት ቦታ ላይ ሁሌ እጅህ ቀድሞ ይደርሳል፤ እዚህ ልመጣ ነው፣ አትደንግጪ እንደማለት። እስክትጨርስ አንዴ እንኳን ራሴን አልለቀቅክም። ግራ እጅህ የሚሠራው ይህን ነው አባዬ፣ ምናልባት አንተም ልብ ብለኸው አታውቅ ይሆናል።

ሌላም ትዝ ያለኝ አለ። ስትጨርስ መላጣዬን እንዳላይ ብለህ ወንበሩን ከመስታወቱ ወደ ራስህ አዞርከው። «ዓይንሽን ክፈቺ፣ እኔን እዪኝ» አልከኝ። ፊት ለፊት ነበርን፣ ያለ መስታወት፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት። እኔ ግን እያለቀስኩ አልከፍትም አልኩህ። አንተም አልተቆጣህም፤ እንደጨፈንኩ አቅፈህ አወረድከኝ።

ፈተናው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። አርባ አንድ ቁጥር ደረቴ ላይ ለጠፉብኝ። ባለመነጽሯ ፈታኝ አሉ፤ አጠገባቸው ከወረቀቱ ቀና የማይል አንድ ወጣት መምህር፣ ከዳር ደግሞ ከረሜላ የሚመጡ አዛውንት። ቃለ ተውኔቱን እንደነገሩ ተወጣሁት። ከበሮው ላይ አንዴ ተደናቅፌ ተመለስኩ። ሦስተኛው ሲደርስ ወንበሩን ወደ እነሱ አዙሬ ከኋላው ቆምኩ፤ መስታወቱ እነሱ ሆኑ ማለት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩና ግራ እጄን አስቀደምኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም። አየሩን ሁለቴ ቆርጬ ስጨርስ ወረቀቱ ላይ ያቀረቀረው መምህር ቀና ብሎ ማጅራቱን ይዳብስ ነበር።

ባለመነጽሯ «ማን ናቸው?» አሉኝ። አባቴ ናቸው አልኳቸው። «በሕይወት አሉ?» አዎን፣ አሁንም ሥራ ላይ ናቸው አልኩ። ወደ ባዶው ወንበር ዞረው «ወንበሩ ላይ ያለችውስ ልጅ?» አሉኝ። አባዬ፣ ስለ ልጅ አንድም ነገር አልተናገርኩም። ልጅ መሆኗን እንዴት አወቁ ብላቸው «እጅሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ደግሞም እንደዚያ የሚጠነቀቁት ለራስ ልጅ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀጣይ ብለው ጠሩ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አንዲት ሌላ ተፈታኝ እስክትደግፈኝ ድረስ አለቀስኩ።

ስም ዝርዝሩ አርብ ዕለት የኮሌጁ በር ላይ ተለጠፈ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንተን አልዋሽም። ቁጥሬን ስፈልግ ግማሽ ልቤ እንዳይኖር ይለምን ነበር። ከሌለ እሁድ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጥጌ ላይ ነኝ። ሽቅርቅሯ ጽፋልኛለች፤ ሰው ቢሞላ እንኳን እዚያ ጥግ ማንንም አታስቀምጥም አሉ፣ ንጹህ ፎጣ ታኖርበታለህ፣ እየቆረጥክም ቀና ብለህ መስታወቱ ውስጥ ጥጉን ታያለህ። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፌ ተዛብቷል። ቁጥሩን እያንዳንዱን በጣቴ እየነካሁ ወረድኩ። አርባ አንድ አለ። አለፍኩ አባዬ።

ስለዚህ አልመጣም። ትምህርቱ የሚጀምረው ክረምት ላይ ነው፤ ሦስት ዓመት ነው፤ ሆቴሉም ቅዳሜና እሁድ ብቻ እንድሠራ ፈቅዶልኛል፤ ለመንገድ የሚተርፍ ቀን የለኝም። ደስ ብሎኛል፣ ደስ ይበልህ። ጎረቤትህ ጫማ ሰፊው ጋ ሄደህ ለመንደሩ ሁሉ እንደምታወራም አውቃለሁ፤ አውራ፣ ፈቅጄልሃለሁ። ግን እንዴት እንደምትናፍቀኝ በምን ልንገርህ፤ ሦስት ወር ሙሉ ባዶ ወንበር ላይ ስፈልግህ ከረምኩ።

እማዬን ጉንጮቿን በሁለቱም በኩል ሳምልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቃት ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ በራሷ መድኃኒት አትመራመር። ለሽቅርቅሯ ቀይ ሹራቤን እንደወሰደች አውቄያለሁ በላት፤ ይመረቅላት። ትልቋ አክስቴ ስለኔ መጸለይ እንዳታቋርጥ፣ ማክሰኞ ዕለት ሠርቶልኛል። ለጫማ ሰፊው የሰፉልኝ ጫማ እስካሁን አንድ ክር እንዳልተፈታ ንገርልኝ፤ ፈተና የገባሁትም በእሱ ነው። ለራሰ በራው ደንበኛህም ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ ወሬው በረከተ ወይ በልልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ፎቶ ተነስተህ ላክልኝ። ሽቅርቅሯ አውራ ጣቷን ትሰብስብ። አንተ ለመስታወቱ ጀርባህን ስጠው፤ መቀሱን በቀኝህ ያዝ፣ ግራ እጅህን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፈው፣ ወደ ጥጉ ተመልከት። ፎጣውን አንሳው፤ እኔ እዚያ ነኝ። ዓይንሽን ክፈቺ፣ እኔን እዪኝ ብለኸኝ አልነበር? አሁን እከፍታለሁ።

የምትናፍቅህ ልጅህ
በቀቀኗ

ከሆቴሉ ልብስ መተኮሻ ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
እሁድ፣ ግንቦት 21 ቀን